እትዬ ቀስታ አርፈዋል፤ የሴሎቹ ክፍል ግን ክፍት ነው

የቤተ ሙከራው የጽዳት፣ የብርጭቆ አጠባና የጥበቃ ሠራተኞች ማኅበር የደም ሥር ምርምር ክፍል ኃላፊ የነበሩትን ዶክተር፣ እኛ «እትዬ ቀስታ» የምንላቸውን፣ ባለፈው ሰኞ በድንገተኛ ሕመም አጥቷል። ይህንን ለሠራተኛው፣ ለአባላትና ለሕዝብ የምንጽፈው ዓይናችንን እየጠረግን ነው። ፊደሉ ጠመም ያለው በዚያ የተነሣ እንጂ ባለመቻል አይደለም።

መግለጫውን የጻፈው ማኅበሩ ራሱ ነው። የማታ ትምህርቱን ያስጀመሩልን፣ ጣታችንን ይዘው ያስጻፉን እርሳቸው ስለሆኑ ለሌላ ሰው አሳልፈን አልሰጠንም። ዋናው መሥሪያ ቤት የራሱን ማውጣት ይችላል፤ ከእኛ ካማረ ግን ይገርመናል።

ጣሪያው ባፈሰሰበት ዓመት፦ እትዬ ቀስታ ሥራ ጀመሩ። የመጀመሪያ ቀን ሥራቸው ከእኛ ጋር ባልዲ መደርደር ነበር። ብልቃጥ ሲያቀብሉም ሲቀበሉም «ቀስታ፣ ቀስታ» ስለሚሉ ስም ወጣላቸው። በሰሙ ጊዜ «ከዶክተር ይሻላል» ብለው ተቀብለውታል።

አዲሱ የሴሎች ማሞቂያ ሳጥን በገባበት ዓመት፦ ዋናውን ጥናታቸውን ጀመሩ። ላልሰማ እናስረዳለን፤ እኛ አሳምረን እናውቀዋለን። የደም ሥር ውስጡ በአንድ ረድፍ ሴሎች የተሸፈነ ነው። ደም ሲገፋቸው ሴሎቹ ይሰማቸዋል፤ በውስጣቸው ካልሲየም ይጨምራል፤ በሌላ ፕሮቲን ተይዞ የቆየ አንድ ኢንዛይም፣ የሴሉ ሠራተኛ ማለት ነው፣ ይለቀቅና ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይሠራል። ጋዙ የደም ሥሩን ጡንቻ ያላላዋል፤ መንገዱ ይሰፋል፤ ደም ያልፋል። ሲበቃ ያ ፕሮቲን ኢንዛይሙን መልሶ ይይዘዋል። እርሳቸው ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ያዥ ነው፤ መቼ ይይዛል፣ መቼ ይለቃል፣ ሲያረጅስ ለምን አልለቅም ይላል?

የማታ ትምህርቱ በተከፈተበት ዓመት፦ ደም ግፊት ያለበት የጥበቃ ባልደረባችን ከክፍሉ መካከል ተነሥቶ፣ «እትዬ፣ የኔዎቹ ሴሎች ሰነፎች ናቸው ማለት ነው?» ሲል ጠየቃቸው። «ኧረ አይደሉም፣ ወንድሜ፤ ምናልባት ሠራተኛቸው ተይዞባቸው ይሆናል። አንተ ብቻ መድኃኒትህን አታቋርጥ» አሉት። እስከ ዛሬ አላቋረጠም።

ሞታቸው በተሰማ ዕለት አስተዳደሩ ለክብራቸው ሲል ክፍሉን ቆልፎ አሸገው። ማሞቂያው ውስጥ ግን የመጨረሻው ጥናታቸው ሴሎች ነበሩ። የሚያድጉበት ፈሳሽ በጊዜው ካልተቀየረ ይሞታሉ፤ እነርሱ ከሞቱ የእትዬ የዓመታት ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። ጥናቱን አብራቸው ትሠራ የነበረችው ተማሪያቸው በሩ ላይ ቆማ እንዲከፈትላት ለመነች። የአስተዳደሩ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደሉም፤ «ሐዘን ላይ ሥራ ከጀመርን ቤተሰቡ ቅር ይለዋል» አሉ። ብርጭቆ አጣቢዋ እኅታችን አላስቻላትም፤ «ጌታዬ፣ ክብራቸው እኮ እዚያ ውስጥ እየተራበ ነው!» አለች።

በዚህ መካከል የእትዬ ቀስታ ታናሽ ወንድም ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የእኅታቸውን ነጭ ጋዋን ሊወስዱ መጡ። ነገሩን ሰምተው ሳቁ፤ ሳቁ ሳያልቅ አለቀሱ። «ክፈቱ» አሉ። «እታለም ብትሰማ ሁላችንንም ነበር የምታባርረን።» ጋዋኑንም አልወሰዱም፤ ተማሪያቸውን አለበሷት።

ፈሳሹ ተቀየረ። ትናንት ጠዋት ተማሪያቸው በሴሎቹ ላይ በደም ፈንታ ፈሳሽ ስታስኬድ የጋዝ መለኪያው መስመር ሽቅብ ወጣ፤ ሴሎቹ ጋዙን ሰጡ። ፈሳሹ ሲቆም መስመሩ ወረደ። ያዡ ሥራውን ያውቃል። ተማሪያቸው ዛሬም እየሠራች ነው።

ማኅበራችን ለታናሽ ወንድማቸው፣ ለተማሪያቸውና አብረዋቸው ለደከሙ ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። እኛንም የሚያጽናናን ካለ አንጠላም።

ለሐዘን የምትመጡ ሁሉ አንድ ነገር እናሳስባለን። ክዳኑ በተከፈተ የሴሎች ሳህን አጠገብ፣ ሴሎቹ እንዳይበከሉ፣ ማውራትም ማልቀስም በእትዬ ቀስታ ዘመን ክልክል ነበር፤ ዛሬም ክልክል ነው። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አውጥተናል። እዚያ እንደልባችሁ አልቅሱ፤ እኛም ያለነው እዚያው ነው። በሩን ስትከፍቱ ግን፣ ቀስታ።