የክሪኬት ኩርፊያ

ሐሙስ፣ ሰኔ 8 ቀን 1959

የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም ዋልኩ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ማታ እንደለመድኩት ወደ ሚስተር ሃሪስ በረንዳ ሄድኩ። የጥጥ እርሻው የመስኖ ፓምፕ መሐንዲስ ናቸው፣ እንግሊዛዊ። ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሬዲዮው ተዘግቷል።

"ሚስተር ናየርስ?"

"ሄደህ ራሱን ጠይቀው!"

ተኳርፈዋል! ሚስተር ናየር የትምህርት ቤታችን የሒሳብ መምህር፣ ሕንዳዊ ናቸው። ስንት ማታ ነው ሦስታችን የለንደንን ሬዲዮ ከብበን ክሪኬት የሚሉትን የእንግሊዞች የዱላና የኳስ ጨዋታ፣ የድሮ ክሪኬተኞችን እያነሱ ያወጉኝ... ያ ኳሷን እንደ እባብ የሚያጥፋት ወርዋሪ፣ ያ ቀኑን ሙሉ ሜዳው ላይ ተተክሎ አልነቀል ያለው መቺ። በዓይኔ ያላየኋቸውን ሰዎች ወደድኳቸው እኮ!

የተጣሉት በወጣትነታቸው ቦምቤይ ላይ ሁለቱም ባዩት ግጥሚያ ነው። አንድ የሕንድ መቺ "ወጥቷል፣ ከጨዋታው ተሰናብቷል" ይላሉ ሃሪስ። "አልወጣም" ይላሉ ናየር። ይሄ ሁሉ ዓመት ላለፈው ነገር!

ማክሰኞ፣ ሰኔ 13

የናየር ኮንትራት አልቋል። ሐምሌ 3 ወደ አገራቸው ሊሄዱ ነው፣ ለሁልጊዜ። እንደተኳረፉ ሊለያዩ? በጭራሽ!

ባለ ሻይ ቤቱን ከድሩን ለሽምግልና ላክሁት። ራሱን ይዞ ተመለሰ።

"ወንድሜ ቢሰጥ፣ እኔን ተወኝ። የድንበር መሬት እንኳ ሰው እንዲህ አያጣላም፣ ወላሂ!"

ማክሰኞ፣ ሰኔ 20

መላ መጣልኝ። ግጥሚያ! ሕንድ ከእንግሊዝ፣ እሁድ በማለዳ፣ ከጥጥ መጋዘኑ ጀርባ። ሁለቱም "አሳየዋለሁ!" ብለው እሺ አሉ። ሰው ስላልሞላ እኔና ከድሩ ሕንድ ሆነናል።

እሁድ፣ ሰኔ 25

በሳቅ ሆዴን አመመኝ።

ናየር ዱላውን ሰጡኝ። ከኋላዬ ሦስት ዘንግ ተተክሏል፤ ኳሷ እንዳትነካው መትቶ መመለስ ነው። ከዚያ ወደ ማዶው ዘንግ መሮጥ። ቀላል! ኳሷ መጣች... ለጋኋት! ታዲያ ቡሬ ላይ ገና ሲጫወት ያደገ ሰው ኳስ መትቶ ይተዋታል እንዴ? ተከትያት ሮጥኩ። ደገምኳት። ሠለስኳት! ሰዉ ይጮሃል። የሚያበረታቱኝ መስሎኝ እየነዳሁ ወስጄ የመስኖው ቦይ ውስጥ ከተትኳት። "አገባሁ!" አልኩ፣ ዱላዬን ወደ ሰማይ ሰቅዬ።

ለካ ኳሷን ሁለቴ መምታት ያስወጣል። ዞር ስል ሁለቱ ሽማግሌዎች ተፋጠዋል።

"ወጥቷል!" ይላሉ ናየር። የገዛ ሰዋቸውን!

"አልወጣም! ልጁ አዲስ ነው፣ ይጫወት!" ይላሉ ሃሪስ።

"ሕግ ሕግ ነው!"

"አንተ ግትር!"

"ግትርስ አንተ!"

ድንገት ተያዩ። ከዚያማ... ሃሪስ ሳቅ ጥሏቸው መሬት ላይ ቁጭ! ናየር እንባቸውን እየጠረጉ፣ "የቦምቤዩም ወጥቶ ይሆናል" አሉ።

"የለም የለም፣ አልወጣም ይሆናል።"

ተቃቀፉ። ደስታዬን የት ላድርሰው! መሸነፉንስ ተሸነፍን... ማን ጉዳዬ ብሎት!

ሰኞ፣ ሐምሌ 3

አዋሽ ጣቢያ። ሃሪስ የናየርን ሻንጣ ራሴ ካልተሸከምኩ ብለው ኩሊውን ተቆጡት። ባቡሩ ሲነቃነቅ ናየር በመስኮት ብቅ አሉ።

"ቢሰጥ! ሕንድን አደራ!"

ሃሪስ መሐረብ አወጡ። አቧራው ነው አሉ። እሺ፣ አቧራው ይሁን።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 8

ሬዲዮ ስንሰማ አመሸን። ሕንድ በእንግሊዝ ተሸነፈች። ሃሪስ ሻይ እየቀዱልኝ፣ "የዛሬውስ አያከራክርም" ብለው ፈገግ አሉ።

እንዴት አያከራክርም? ያ የመጨረሻው መቺ አልወጣም! አላየሁትም፣ ግን አልወጣም!

ሻዬን ትቼ ተነስቼ መጣሁ። አኩርፌያቸዋለሁ።