ቀኝ እጁ ላይ ብቻ

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣ በወጣሽበት ሁሉ ይቅናሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል፤ ጎረቤታችን አናጢው ጠገነልን። አንቺ ግን በላክሽልን ፎቶ ላይ ከስተሻል፤ ምሳ አትዝለዪ።

አባትሽ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ካለው ወዲህ የስፌት መኪናውን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ኩርፍ ብሎ ነው የሚውለው። ነርሷ እየጨበጠ እንዲለማመድባት የላስቲክ ኳስ ብትሰጠው፣ «ሕፃን አደረገችኝ እንዴ!» ብሎ በግራው ወረወራት። ያ ትተሽልን የሄድሽው ቀውስ ውሻ ሮጦ አመጣና ጭኑ ላይ አስቀመጠለት። አባትሽ ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

እኔም ይኼኔ ነቃሁ። እሱ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል ውሻውን ጓዳ አስገባዋለሁ። ኳሷን ቀኝ እጄ ላይ ካኖረ ቁራሽ ዳቦ አለው፤ ግራዬ ላይ ካኖረ ምንም። ሆዳም አይደል፣ ቶሎ ገባው። አሁን አባትሽ ግራውን ሲዘረጋለት ኳሷን በጥርሱ ይዞ ድርቅ ይላል። «ይኼ ደነዝ! ቆይ፣ እኔ አስተምረዋለሁ» ይልና ቀኝ እጁን እንደ ምንም አንሥቶ ይቀበለዋል። ለመጣው እንግዳ ሁሉ ውሻ አሠልጣኝ ሆንኩ እያለ ጉራውን ይነዛል። ትናንት ጨርቁን ገልጦ መኪናውን ዘይት ሲያጠጣ አየሁት፤ እንዳላየ ሆኜ አለፍኩ።

በይ ልጄ፣ ፈጣሪ ደጉን ሁሉ ከፊትሽ ያድርግልሽ። አደራሽን፣ ስትደውዪ ስለ እጁ አትጠይቂው። «አባዬ፣ ውሻውን ምን አስተማርከው?» በይው። ወሬው ይረዝማል፤ ችለሽ ስሚው።

እናትሽ