ቀለሙ የወጣበት ቤት

ማክሰኞ፣ ማርች 4
ካሳቫ ስነቅል ዋልኩ። ማታ የመንደር ስብሰባ ነበር። ከባሕሩ ዛጎል ለቅመው ሥጋውን የበሉ ልጆች ሆዳቸውን ታመዋል። ውሃውን ማን በከለው? ተነስቼ፣ "የእትዬ ኡላሚላ አሳማዎች እያሉ ምን ይጠየቃል?" አልኩ። ሰው ሳቀ። ጎረቤቴ ኡላሚላ አንገቷን ደፋች። ደስም ብሎኝ ነበር መሰለኝ...

ሐሙስ፣ ማርች 6
ሴታሬኪ የሚባል የውሃ ባለሙያ ከዋና ከተማችን ከሱቫ መጣ። በየሽንት ቤቱና በየበረቱ የተለያየ ቀለም እያፈሰሰ ዋለ። ቀለሙ ባሕሩ ላይ ከታየ የማን ፍሳሽ እንደሆነ ይለያል። "ከኔ ቤት ጀምር!" አልኩት። አረንጓዴ ደረሰኝ። ለአሳማዎቹ በረት ቀይ።

ዓርብ፣ ማርች 7
አረንጓዴ። የባሕሩ ዳር በሙሉ አረንጓዴ።
ቀይ የለም። መንደሩ በሙሉ ቆሞ አየ። አንድም ሰው አልተናገረኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ባሌ ጆፔ፣ "የሽንት ቤት ጉድጓዳችን ተሰንጥቋል ማለት ነው" አለ። እነዚያ ልጆች... በኛ ነው የታመሙት?

እሑድ፣ ማርች 9
ከቤተ ክርስቲያን ቀረሁ። ራሴን አመመኝ አልኩ። ውሸት።

ረቡዕ፣ ማርች 12
ጉድጓዱን መጠገን ብቻውን አይበቃም አለ ሴታሬኪ። ከባሕሩ በላይ ጠጠር የተነጠፈበትና ሸምበቆ የተተከለበት ረግረግ ይሠራል። የመንደሩ ፍሳሽ በሥሮቹ መሃል ቀስ እያለ ሲያልፍ ይጣራል። ዝቅ ያለው ቦታ የኛ የካሳቫ ማሳ ነው። ስጡን ብሎ አልጠየቀም። እንስጥ ያልኩት እኔ ነኝ።
ጆፔ ጮኸብኝ። "ልጆቻችንን ምን ልታበያቸው ነው?"
"የሰውን ልጆች እስከዛሬ ምን ስናበላቸው እንደኖርን ታውቃለህ?"
አካፋውን አንስቶ ወደ ማሳው ወጣ።

ሐሙስ፣ ማርች 13
እንደ ልማዳችን ለይቅርታ የሚቀርበውን፣ ተቀጥቅጦ የሚጠጣውን የካቫ ሥር ይዤ ኡላሚላ ደጅ ተንበረከክሁ። ወጣች።
"የተሰደቡት አሳማዎቼ ናቸው። ሂጂና እነሱን ይቅርታ ጠይቂ።"
የምትቀልድ መስሎኝ ቀና አልኩ። አልሳቀችም። በረቱ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ። ጎረቤት ሁሉ እያየ።
ካቫውን ግን ተቀበለችኝ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 17
ሸምበቆ ተከላ። ጭቃው እስከ ጉልበት። ኡላሚላ ከፊት ለፊቴ ናት፣ አናወራም። "ይሄንን ጠበቅ አድርጊው" አለችኝ ብቻ። ጠበቅ አደረግሁት።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15
ሴታሬኪ ደወለ። ውሃው ተመርምሮ ንጹሕ ሆኗል፣ ዛጎሉም ይበላል። ባሕሩ ዳር ተሰብስበን ቀቀልን። ማንም እጁን አይሰድም... ኡላሚላ አንዱን ከፍታ አቀበለችኝ።
"አንቺ ቅመሺ። ካልሞትሽ እኛም እንበላለን።"
ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ፊቴ ግን እንደ እሳት ጋለ። በላሁት። መሞቴን አለመሞቴን ሳታይ ሌላ አንስታ ጎረሰችና ከጎኔ ቁጭ አለች።