የእኔ ዘጠኝ ሰዓት

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? የታጁራ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ ጉልበቴ ከሚያስቸግረኝ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ዘንድሮ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጠንክሮብናል፤ ቢሆንም ኮተቤን ያህል የለም።

ይህን በስልክ ልነግርህ ይገባ ነበር። ድምፄ እንዳይከዳኝ ፈርቼ ጻፍሁ። የጎረቤቴ ልጅ ኤጀታ በከባድ መኪናው ነገ ወደ ጂቡቲ ስለሚወርድ፣ ከአዲሱ የባሕር ካርታ ጋር እሱ ያደርስልሃል።

የፊተኛው ካርታ እንዴት እንደታተመ ላስታውስህ። ስልክ ባሕር ላይ አይታመንም፣ ጨው ይበላዋል፤ በወረቀት አሳትመሽ ላኪልኝ ብለህ ፋይሉን ሰደድህልኝ። ጉርድ ሾላ የመሐንዲሶች ፕላን ወደምታትመው ወደ ኢልሃም ወሰድሁት። «እማማ፣ ለአዲስ አበባ ባሕር ሊገባላት ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅሁም። ማሽኑ ወረቀቱ ላይ እንዲበቃ ብሎ እንዳያሳንሰው፣ ካርታ ካነሰ ርቀቱ ሁሉ ይዋሻል ብዬ፣ ከአጠገቧ ቆሜ በማስመሪያ ለካሁ። ስኬሉ ልክ ነበር።

ዓይንህ ስለደከመ፣ ወደ ሙሻ ደሴት የምትሄድበትን ቀን የባሕር ሙላት ከካርታው ጋር ከላክኸው ሠንጠረዥ አውጥቼ በጉልህ እንድጽፍልህ ለምነኸኝ ነበር። ሠንጠረዡ 15 ሰዓት ይላል። እኔም በቀይ እስክሪብቶ «ሙላት፣ 9 ሰዓት» ብዬ ኅዳጉ ላይ ጻፍሁ።

ከዚያ ደወልህ። ጀልባህ ሙሻ አጠገብ ከውሃ ሥር ካለው የኮራል ቋጥኝ ላይ ወጥታ ሆዷ መሰንጠቁን ነገርኸኝ። «ልክ በዘጠኝ ሰዓት ገባሁ፤ ፀሐይዋ ፊት ለፊት እየወጋችኝ ከሥር ያለውን ሳላይ ቀረሁ» አልህ። ወረቀቱም ረጥቦ ቀለሙ ፈሷል። «አንቺማ አትሳሳቺም፣ እታለም። ዓይኔ ነው ሌላ ያነበበው። ገዢ አግኝቻለሁ፤ ጀልባዋን ሸጬ አገሬ እገባለሁ» አልህ።

ወንድሜ፣ እኔ ጂኦግራፊ ያስተማርሁ ሴት ነኝ። ከታጁራ ወደ ሙሻ የሚሄድ ሰው ወደ ምሥራቅ ያቀናል፤ ፀሐይ ፊቱን የምትወጋው ጠዋት ነው። አንተ የገባኸው በጂቡቲ ዘጠኝ፣ በእኛ በሦስት ሰዓት ነው። እኔ የጻፍሁት ደግሞ በሀበሻ ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ ያለውን ዘጠኝ፣ የሠንጠረዡን 15 ነው። በመካከሉ ስድስት ሰዓት አለ፤ በስድስት ሰዓት ደግሞ ባሕር ከሙላት ወደ ጉድለት ይወርዳል። ቁጥር ጽፎ መለኪያውን የረሳ ተማሪ ከእኔ ዜሮ እንጂ ሌላ አግኝቶ አያውቅም።

ይህ የገባኝ ዛሬ አይደለም። የፀሐይዋን ነገር ስታነሳ፣ ስልኩን ሳልዘጋ ገባኝ። «አይዞህ፣ እርጅና ለማን ይቀራል» አልሁህ። በማግሥቱ ላንተ ማረፊያ ብዬ የሰርቪሱን ክፍል ቀለም አስቀባሁ። ለአናጢው ቁመትህን ነግሬ አልጋ አሠራሁ። በደወልህ ቁጥር ስለ ዓይንህ ስታማርር፣ መነጽር ቀይር እያልሁ መከርሁህ።

ባለፈው እሑድ ኮምፓስህን ለጎረቤትህ ዓሣ አጥማጅ እንደሰጠኸው ነገርኸኝ። «ለዕውር ምን ያደርግለታል?» ብለህ ሳቅህ። ያን ሳቅ መቻል አቃተኝ። ካርታውን እንደገና ላሳትም ወደ ኢልሃም ተመለስሁ። የፊተኛው ምን ሆነ ብትለኝ፣ ዝናብ አበላሸው አልኋት። በዚህ ዕድሜዬ ያችን ልጅ ዋሸኋት።

ዓይንህ አልሳተም። የጻፍሁትን ነው ያነበበው። ውሃው ተመልሶ ከኮራሉ ላይ ያነሳህ ከቀትር በኋላ እንደነበር አንተው ነግረኸኛል፤ ያ ነበር የእኔ ዘጠኝ ሰዓት። በአዲሱ ካርታ ላይ የማን ሰዓት እንደሆነ በፊደል ጽፌዋለሁ።

ጀልባዋን አትሽጥ። ኮምፓስህንም ሳታፍር ሄደህ ተቀበል፤ ማፈሩ የእኔ ነው። እስከ ዛሬ ለምን ዝም እንዳልሁ ግን አትጠይቀኝ። አልጋውን አናጢው መልሶ ሊወስደው ተስማምቷል፤ ይህን ያህል ረዥም አልጋ ለማን ይሆናል እያለ አጉረመረመ እንጂ።

ነፋስን የሚገራ አምላክ ከቋጥኝ፣ ከጉድለት ውሃ፣ ከእህትህም እጅ ጽሕፈት ይጠብቅህ።

ታላቅ እህትህ