የጥር ወንዝ ይሞቃል

አባዬ፣

የሄድከው ሁዳዴ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው ነበር፤ አሁን ጥምቀትም መጥቶ አለፈ። እስከዛሬ ያልጻፍኩልህ ስለረሳሁህ አይደለም። የሚያስቅህ ወሬ እስካገኝ እየጠበቅኩ ነበር። ወሬው ተገኝቷል፤ ግን እያለቀስኩ ነው የምጽፈው።

የቤቱን ላስቀድም። ሱቁን እማዬ ትከፍታለች። ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ታደለ «እናንተንማ ያለ ወንድ አልተዋችሁም» ብለው በየቀኑ ይመጣሉ። አንድ ቀን አይጥ ገባች። ባንኮኒው ላይ የወጡት ወንዱ፣ አይጧን ያባረርኳት እኔ። እማዬ ጥቁሯን አላወለቀችም። ጃንጥላህም በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው።

እማዬ ዘንድሮ ለጥምቀት ወንዙ ጋ እንደማንወርድ ቁርጡን ነግራኝ ነበር። እኔን ታውቀኛለህ፣ እንቅልፍ ነሳኋት። «የአባዬ ወዳጅ አባባ ጅግሶ በየዓመቱ ቤታቸው እያሳደሩን ዘንድሮ ብንቀር ምን ይላሉ?» እያልኩ ነዘነዝኳት። ስንወጣ ጃንጥላህን አነሳሁ። «በጥር ምን ዝናብ አለና?» አለችኝ። ይዤው ወጣሁ።

ወናጎን አልፈን ጨለለቅቱ ከሚኒባሱ ወረድንና ወደ ሸለቆዋ ከተማ በእግር አዘቀዘቅን። ጋሼ ታደለ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሰው፣ በሚያብለጨልጭ ጫማ ቁልቁለቱን በሁለት ጎረምሳ ተደግፈው ወረዱት። ሙሽራ ነበር የሚመስሉት። ከተማዋ ያው ናት፤ ያቺው አንድ መንገድ፣ ወንዙ ዳር የተደረደሩት የቡና ማድረቂያ አልጋዎች። አባባ ጅግሶ በር ላይ ቆመው እኛን ሳይሆን ከኋላችን ያለውን መንገድ አዩ። ሊጠይቁ አፋቸውን ከፍተው፣ የእማዬን ጥቁር ልብስ ሲያዩ ተዉት።

ታቦቱ ከገባ በኋላ ሰዉ እንደ ልማዱ ወንዙ ዳር ተሰበሰበ። ክረምት በየዓመቱ የወንዙን ሆድ ስለሚያገላብጠው አንድ ትልቅ ሰው ቀድሞ ሳይለካው ልጅ አይገባም። ለኪው ደግሞ አንተ ነበርክ። ሱሪህን ጠቅልለህ፣ በጃንጥላህ ጫፍ እየነካካህ ትገባለህ። መሃል ስትደርስ ጥርስህ እየተንገጫገጨ «ይሞቃል!» ትላለህ። ከተራራ የሚወርድ የጥር ውሃ ሊሞቅ! ውሸት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ይገባል።

ሆስፒታል ሳለህ እጅህን ይዤ «አባዬ፣ እጅህ በረደ» ስልህ፣ ዓይንህን ሳትገልጥ «ይሞቃል» አልከኝ። ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ከአፍህ ሌላ ቃል አልሰማሁም።

ዘንድሮ ልጆቹ ልብሳቸውን አውልቀው ዳሩ ላይ ተኮልኩለው ቀሩ። ትልልቆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጋሼ ታደለ «እኔን እንኳ ሐኪም ቀዝቃዛ ውሃ ከልክሎኛል» አሉ። ምሳ ላይ ቀዝቃዛ ቢራ ሲደግሙ ሐኪሙ የት እንደነበር እንጃ። አባባ ጅግሶ አንገታቸውን ደፍተው «እሱ የለም። ዘንድሮ ይቅር» አሉ። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ «ተነሺ፣ እንሂድ» አለችኝ። ያኔ ከሄድን ሁለተኛ እንደማንመለስ ገባኝ። አንተንም ወንዙንም በአንድ ዓመት ልንቀብር ነው።

ጫማዬን አውልቄ፣ ጃንጥላህን ይዤ ገባሁ። አባባ ጅግሶ ከኋላዬ «አንተ ልጅ! ተመለስ!» ይላሉ፤ አማርኛቸው ይኸው እስከዛሬ ሴት መሆኔን አልተቀበለም። አባዬ፣ ያ ውሃ ግን እንዴት ያለ ጨካኝ ነው! በየዓመቱ እንዴት ቻልከው? በጃንጥላህ እየነካካሁ መሃል ደረስኩ። ጉልበቴ ድረስ ነው። ዞር ስል ሰዉ ሁሉ ያየኛል፤ እማዬ እንደቆመች ናት። አፌን ከፈትኩ፣ ድምፄ እምቢ አለ። ቃሉን አንተ ይዘኸው የሄድክ መሰለኝ። ከዚያ እንደ ፍየል በሚንቀጠቀጥ ድምፅ፣

«ይሞቃል!» አልኩ።

መጀመሪያ የሳቀችው እማዬ ናት። ከሞትክ ወዲህ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እየሳቀች ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች፤ ሳቋ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። ልጆቹ ማንን ይጠብቃሉ? ተንጋግተው ገቡ። የጋሼ ታደለ ከረባት ላይ የተረጨው ውሃ ከየት እንደመጣ አልነግርህም። አባባ ጅግሶም እግራቸውን ነክረው «አዎ፣ ይሞቃል» አሉ፤ እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ገባ። እኔ መሃል ቆሜ ቀረሁ። ጃንጥላህን ሁለት እጄ ጨብጦት መልቀቅ አቃተኝ።

አባዬ፣ ሁሉንም አስታውሳለሁ ብዬ አልምልልህም። ድምፅህ እንኳ አንዳንዴ ይጠፋብኛል። ግን በየጥምቀቱ ቀድሜ እገባለሁ፤ እየተንቀጠቀጥኩ በስምህ እዋሻለሁ። ያንተን ውሸት ለማንም አላስረክብም።

አንተ ያለህበትስ ይሞቃል? ለእኔ እውነቱን ንገረኝ።

ልጅህ ማርታ