ስለ ዘነበች ያልቆሙት ሽማግሌዎች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሽሮው ዛሬም ጨው በዛበት። በላሁት። ባለቤቴ ዘነበች ከሞተች ወዲህ የምሟገተው ሰው የለኝም፤ ድስትና አንተ ብቻ፣ ደብተር።

ትዕግስት ከቢሮ ገባች። ይቺ የመጨረሻዋ ልጄ ስልኳ ላይ ተረት ትጽፋለች። የሌለ አገር፣ ግንብ፣ ዘንዶ፣ መሳፍንት። ብዙ ሰው ያነብላታል። ዛሬ አንባቢዎቿ አኩርፈዋል። መስፍኑ ልጁን ሰይፍ ለሚሠራ ድሃ ሊድር ነው፤ ምን በወጣው ይሰጣል አሏት። እኔን ጠየቀችኝ። ማንን ትጠይቅ ታዲያ? የፊታውራሪ አማች ነኝ።

አስረዳኋት። መኳንንት ወደ ታች የሚድረው ሲፈራ ነው። ጠላት ሲመጣበት፣ መሬቱ ከእጁ ሲወጣ። አለዚያ ወንድ ሲያገኝ። እንደ እኔ። የጭሰኛ ልጅ ነበርኩ፣ አልደብቅም። ምንጃር ሽማግሌ ሲላክ ሁለት ሦስቴ ይመለሳል፤ ደንብ ነው። መልስ እስኪያገኝም አይቀመጥም። የኔን ሽማግሌዎች ግን ፊ/ሪ በመጀመሪያው ቀን ሰጥቻለሁ፣ ተቀመጡ አሏቸው። እግራቸው እንኳ ሳይደክም። ማን አገኘው ይህን?

ዘነበች ይህን ሳወራ ትስቅ ነበር። "አባዬ ቸኩለው ነበር እኮ" ትላለች። እኔም እኮራለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ትዕግስት የኔን ነገር በተረቷ ለመስፍኑ ሰጠችው። ሽማግሌ ገባ፣ ወዲያው ተቀመጡ ተባለ፣ እልልታ። ደስ አለኝ።

ከዚያ አንባቢዎቿ የጻፉትን አነበበችልኝ። ምነው ባላነበበች። አንዷ፣ በመጀመሪያው ቀን የሰጠ አባት የደበቀው ነገር አለ ትላለች። ሌላው፣ ሰውዬው ልጁን አልዳረም፣ ጋሻ ገዛባት ይላል። ማን ናቸው እነዚህ? የት ያውቁናል? መልሺላቸው አልኳት። ምን ብዬ አለች። ጉልበቴን አመመኝ፤ ተኛሁ።

እሁድ፣ ጥቅምት 9

ከቤ/ክ ስመለስ ሦስት ሽማግሌ በራፌ ላይ። ጋቢ ደርበዋል። ገባኝ። አስገባኋቸው፤ ቁጭ በሉ አልኩ ለወጉ። የመጣንበትን መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም አሉ። ተናጋሪው የእድራችን ዳኛ አቶ ግርማ ነው። የመካኒሳው ዳዊት ትዕግስትን ለትዳር ይፈልጋል አለ። ያ በር ሠሪው። የኔኑ የግቢ በር የሠራው።

ዘሩስ አልኩ። አቶ ግርማ አሳለ። አያቱ ማረሻ ይቀጠቅጡ ነበር አለ። በቃ፣ ቀጥቃጭ ማለት ነው። ቀጥቃጭ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። እኔ አላየሁም። ግን ይባላል።

ልጄ የፊታውራሪ የልጅ ልጅ ናት፣ በሉ ሂዱ አልኩ። አቶ ግርማ ሲወጣ በሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገና "ጋሽ ተሰማ፣ በሩ እንኳ ዘሩን አልጠየቀዎትም፤ ይኸው ቆሟል" አለ። ሌሎቹ ሳቃቸውን በጋቢ ሸፈኑ።

ቆይ። ሰይፍ የሚሠራ። በር የሚሠራ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ስለ ተረቱ ነው የጠየቅሽኝ ወይስ ስለ ራስሽ አልኳት። "ሁለቱንም ነው፣ አባባ።" አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር። ያለ አንተ ምርቃት አላገባም፣ ሌላ ሰውም አላገባም አለች። እንዲህ ያለች ግትር ከማን ወጣች?

ደግሞ ጠየቀችኝ። አንተን ለምን በመጀመሪያው ቀን ሰጡህ? ነገርኩሽ እኮ አልኳት። "አልነገርከኝም። እንዴት እንደሆነ ነው የነገርከኝ።" ወደ ሥራዋ ሄደች። ስሄድ ስመጣ ዋልኩ፤ ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩ ጠፋኝ፣ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

በረንዳ ላይ ተቀምጬ ያገባሁበትን ዓመት አስታወስኩ። መጀመሪያ መሬት ላራሹ ታወጀ። ቀጥሎ የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ አድርገው መረጡኝ፤ ጠመንጃ ሰጡኝ። የባላባት ቤት ይፈተሽ ነበር ያኔ፤ ፈታሹ እኔ። ክረምቱ ሳይገባ ሽማግሌ ላክሁ። እነዚህን ሦስት ነገሮች አውቃቸዋለሁ። ግን አንድ ላይ አስቀምጫቸው አላውቅም፣ እስከ ዛሬ።

ከሠርጉ በኋላ የፊ/ሪን ግቢ ማንም አልደፈረም። አማቼ ናቸው እላለሁ፣ ያልፋሉ።

መልኬ መስሎኝ ነበር። ወንድነቴ። ጠመንጃው ነው እንዴ? ዘነበች ታውቅ ነበር። ለዚህ ነበር የምትስቀው።

ታዲያ ለምን ኖረች? ማኅበሩ ፈረሰ፣ ጠመንጃው ተመለሰ፣ እኔ ጎፋ የሰው ግምጃ ቤት ዘበኛ ሆንኩ። ማንን እጠብቅላት ነበር? ኖረች ግን። ትሰድበኛለች፣ ካፖርቴን ትጥፋለች፣ ትስቃለች። የሰጡበት ምክንያት ሌላ፣ የኖረችበት ሌላ ይሆናል? አልገባኝም። ብጠይቃት ኖሮ። አንተ ምን ታውቃለህ፣ ወረቀት ነህ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ለጎመን ብዬ ወጣሁ። መካኒሳ ሄድኩ። ጎመን እዚሁ ላፍቶም አለ።

ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ዳዊትን አየሁት። ይበይዳል። መነጽሩን አነሳ፣ አየኝ። ደንግጦ እጅ ነሳ። ወደ እኔ ግን አልተሻገረም። ሽማግሌ የላከ ልጅ መልስ ሳያገኝ የልጅቷ አባት ፊት አይቀርብም። ደንቡን ያውቃል፤ ማን ነገረው? ብረቱን አስቀምጦ እኔ እስክሄድ ቆመ።

ዓይኑን አየሁት። እሳት ያቀላው ዓይን ነው። ሌላ ምንም አላየሁበትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ነገ ተመልሰው ይመጣሉ። አቶ ግርማ ልኮብኛል። ትዕግስት አትጠይቀኝም፤ ታየኛለች ብቻ።

ነገ ተቀመጡ ብላቸውስ? አፌ ላይ ነው። ግን እኔም ፈርቻለሁ። በኔ ግትርነት ቆማ እንዳትቀር። ተቆጥታ እንዳትርቀኝ። የፈራ ሰው ይቸኩላል። በኋላ ልጆቿ አያታችን ለምን ቸኮለ ቢሉ ምን ትላቸዋለች? ትሳቅ እንደ እናቷ?

ያለፈው እሁድ የመለስኳቸው በንቀት ነው። አይቆጠርም። ስለ ዘነበች የቆመ ሽማግሌ የለም። ስለ ልጇ ይቆማል።

መስፍኑ ሽማግሌዎቹን ይመልሳቸው፣ እንዲያ ብለሽ ጻፊው አልኳት። ፊቷ ጠቆረ። እኔ አላብራራሁም፤ ካፖርቴን ለብሼ አቶ ግርማ ቤት ሄድኩ። የእድሩን ወንበሮች ፈልጌ ነበር አልኩት። ፊቱ በራ። ለነገ ነው አለኝ። አይደለም፣ ነገ ትቆማላችሁ፤ ወንበሩ ለሚመጣው እሁድ ነው አልኩት። "እንግዲያስ ነገ ምርኩዜን ይዤ እመጣለሁ" አለ።

ስመለስ ትዕግስት ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። በር ላይ እንደቆምኩ፣ መስፍኑ ሲመልሳቸው ለሚቀጥለው እሁድ ወንበር ማዘዙን እንዳትረሺ አልኳት።

ቀና አለች።