አባትሽ የሠራው አረቄ ማውጫ

ዶንያ ቪሽኒያ፣ ኖቬምበር 15 ቀን 1983

ለምወድሽ ልጄ ለግሮዝዳና፣

ሰላምታዬ ለአንቺም ለባልሽ ለስቶያንም ይድረስ። ባለፈው ረቡዕ የላክሁት ቴሌግራም ደርሶሽ ይሆናል። «አረቄውን አትንኩ፣ ደብዳቤ ይከተላል» ብቻ ስላልኩ ሳትደነግጪ አልቀረሽም። በኦገስት ይዛችሁ የሄዳችኋቸው ሁለቱ ጀሪካኖች አሁንም እቤት ካሉ ይህን ወረቀት አስቀምጪና ተነሺ፤ ድፊው። ለጎረቤት እሰጠዋለሁ፣ ለቁስል ማጠቢያ ይሆነኛል እንዳትይ። ደፍተሽ ስትመለሺ ቀሪውን አንብቢ።

ስልክ ያልደወልኩት በምክንያት ነው። የፖስታ ቤቷ ሚልካ ስልኩ አጠገብ ተቀምጣ እኔ ገና «ሃሎ» ስል ወሬው ወፍጮ ቤት ይደርሳል። ቴሌግራሙን ስትጽፍልኝ እንኳ «ምን ሆነ? ኮመጠጠ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ ኮመጠጠ» አልኳት።

አምና መከር ላይ የአያትሽ አረቄ ማውጫ ታቹ ተበልቶ መቀደዱን ታስታውሻለሽ። አባትሽ ጡረታ ወጥቶ ቤት መዋል ስላንገፈገፈው ያ መቀደዱ ለእሱ ሠርግ ሆነለት። «አዲስ እሠራለሁ፣ ያውም በገዛ እጄ!» አለ። ከድሮ የቧንቧ ሥራው የተረፉትን የመዳብ ቱቦዎች፣ ማጠፊያዎችና መገጣጠሚያዎች ከጎተራው አውጥቶ በአሸዋ ወረቀት እያሸ እንደ ወርቅ አበራቸው። ማቀዝቀዣ እንዲሆነው ደግሞ የአንድ አሮጌ ካሚዮን ራዲያተር ከየት እንዳመጣ እንጃ። ያኔ ደስታው ደስ ይለኝ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲያፏጭ ሰማሁት።

በሚበይድበት ዕለት ቆርቆሮ ሠሪው ቲሆሚር መዶሻ ሊዋስ መጣ። የብየዳውን ሽቦ አንስቶ በጥርሱ ነከስ አደረገና፣

«አንተ ሚሊሳቭ፣ በዚህ እኮ እኛ ጣሪያ ነው የምንበይድበት። ግማሹ እርሳስ ነው። ለሚጠጣ ነገር አይሆንም። ራዲያተሩማ ጭራሽ!» አለው።

«አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ ሽቦ ውሃ ወደ ሰው ቤት አስገብቻለሁ። ማን ሞተ?»

«ውሃና የአረቄ እንፋሎት አንድ ነው እንዴ? ትንሽ ታገስ፣ የብር ብየዳ ላፈላልግልህ።»

«የፕሪም ጥንስሱ በርሜል ውስጥ እየፈላ ነው፤ አንተን አይጠብቅም። መዶሻህን ይዘህ ሂድ፣ ፈሪ!»

ቲሆሚር ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ቱቦውን በጨርቅ ይዤ ነበር፤ አባትሽ እሳቱን ሲለኩስ ሽቦው ቀልጦ መገጣጠሚያው ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አየሁት።

አረቄው እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ወረደ። አጎትሽ ቩኮማን አንድ ጊዜ ቀምሶ «ወንድሜ፣ ይሄማ የአባታችንን ያስንቃል!» ብሎ አባትሽን አንገቱን አቀፈው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየእሑዱ አንድ ጠርሙስ ይወስድ ነበር። ጠዋት ሳይጠጣ ወደ ላሞቹ አይሄድም።

ከፋሲካ በኋላ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር። በቁርጠቱ ላይ አንድ ብርጭቆ ይጨምርበታል። ሚስቱ ዴሳንካ ሆዱን እያሸች «ጠጣ፣ ያሞቅሃል» ትለዋለች። በበጋው ፊቱ አመድ መሰለ፤ የገዛ በሬዎቹን ስም መሳት ጀመረ። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ አጥር እየጠገነ ሳለ ወድቆ ተንፈራገጠ፤ በሁለተኛው ቀን አረፈ። ሞቱን ጽፌልሻለሁ። ምክንያቱን ግን ያኔ እኔም አላውቅም ነበር።

አባትሽ ወንድሙን ከቀበረ በኋላ ቀኝ እጁ ከአንጓው ላይ ተንጠለጠለ። ጣቶቹን ቀና ማድረግ አቃተው፤ ምላጭ መያዝ ሲያቅተው እኔ ላጨው ጀመር። «ሐዘን ነው» ይላል። ባለፈው ማክሰኞ በግድ ከተማ ይዤው ሄድኩ። ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፣ ያንቺ እኩያ። ከንፈሩን ገልጣ ድዱን አየች፤ ጥርሶቹ ሥር ሰማያዊ መስመር አለ።

«አባባ፣ ሥራዎ ምን ነበር? ባትሪ ፋብሪካ ሠርተዋል?»

«ቧንቧ ሠራተኛ ነበርኩ።»

«አረቄ ይጠጣሉ?»

«የማይጠጣ አለ እንዴ? ያውም ራሴ በሠራሁት ማውጫ የወጣ!» አለ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«በምን በየዱት?»

ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። የቲሆሚር ነገር ትዝ እንዳለው ገባኝ። ሐኪሟ «ይሄ የእርሳስ መርዝ ነው፤ ከእርስዎ ሌላ ማን ጠጣ?» ስትለው መሬት መሬት እያየ «ማንም» አለ። ማንም! ዞራ እኔን ጠየቀችኝ። ለሳል ካልሆነ እንደማልጠጣ ነገርኳት። ስለ ቩኮማን ግን እኔም አፌን ዘጋሁ።

አውቶቡስ ውስጥ «ለዴሳንካ ትንፍሽ እንዳትዪ» አለኝ። «ብትነግሪያት ቩኮማን አይነሳ። እኔን ግን በቁሜ ትቀብሪኛለሽ።»

ዴሳንካ ግን ለአርባው ተዝካር ስምንት ጠርሙስ ከዚያው አረቄ አስቀምጣለች። መንደሩ በሙሉ ሊጠጣው ነው። በማግስቱ ቴሌግራሙን ላክሁልሽ፤ ሐሙስ ከሰዓት ወደ እሷ ሄድኩ። ብየዳው መርዝ እንደሆነ ነገርኳት። አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች።

«ሚሊሳቭ ያውቅ ነበር?»

«ከየት ያውቃል?» አልኳት።

ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ስምንቱንም ጠርሙስ ተያይዘን ከአሳማው ቤት ጀርባ ደፋናቸው። ስጨርስ ግንባሬን ስማ «እናንተም እኮ ወንድም ነው ያጣችሁት» አለችኝ። እስከ ቤቴ ድረስ ግንባሬን በመዳፌ ሸፍኜ ሄድኩ።

ቅዳሜ መቃብሩ ላይ የተዝካሩ ንፍሮ ስንዴ ቀረበ፣ ሻማ በራ፣ የተቀዳው ወይን ብቻ ነበር። ቲሆሚር መጥቶ ፊት ለፊታችን ተቀመጠ። ሊሄድ ሲነሳ አጠገቤ ቆም ብሎ «ራዶይካ፣ አንቺም ነበርሽ» አለኝ።

ዴሳንካ ከኋላችን ወይን እየቀዳች ነበር። «የት ነበረች?» አለች።

ቲሆሚር እኔን አየ። እኔ ሳህኔን አየሁ። «አሮጌ ወሬ ነው» ብሎ ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ።

ዴሳንካ ሳትመጣ የምትውልበት ቀን አልነበረም። ከቅዳሜ ወዲህ እግሯን አላነሳችም። ትናንት ጥቁር ሻሿን አስራ ወደ ቲሆሚር ሱቅ ስትገባ አየኋት። ብዙ ቆየች። ስትወጣ እኛ በር ላይ ቆመች፤ አልገባችም፣ አልተጣራችም። አባትሽ በመስኮት አይቷት «ምን ፈለገች?» አለኝ። «እንጃ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ማውጫውን ሰባብሬ ወንዝ እንድጥለው ይለምነኛል፤ የእሱ እጅ መዶሻ አያነሳም። ጎተራውን ቆልፌ ቁልፉን እኔ ይዣለሁ። አልሰብረውም።

ነገ ጠዋት ወደ ዴሳንካ እሄዳለሁ። አባትሽ አያውቅም። ቲሆሚር ነግሯት ከሆነም ከእኔ አፍ ደግማ ትስማው፤ እኛ ሁለታችንም ማስጠንቀቂያውን ሰምተናል። ሐኪሟ ፊት የዋሸነውንም እነግራታለሁ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ምን እንደሚሆን አላውቅም። አንቺም ከሌላ ሰው ከመስማትሽ በፊት ከእኔ ስሚው ብዬ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። አባትሽን ለጊዜው ምንም አትጠይቂው።

ልጄ፣ በኦገስት በጆሮዬ የነገርሽኝን ለማንም አልተናገርኩም። አልጠጣም ብለሽ ነበር። የመነሻችሁ ዕለት ግን አባትሽ ሲለምንሽ ሁለት ብርጭቆ ጠጣሽለት፤ እኔም አጠገብሽ ቆሜ ስቄአለሁ። ነገ ዛሬ ሳትዪ ደምሽን ተመርመሪ፤ እንዳረገዝሽም ለሐኪሙ ንገሪው። ስቶያንም ይመርመር። ውጤቱን ቶሎ ጻፊልኝ፣ ክፉም ቢሆን አትደብቂኝ።

ቅድስት ፔትካ በምትሄጂበት ሁሉ ትቅደምልሽ፤ የያዝሽውን በሰላም ታስታቅፍሽ። ጽሑፌ ስለተንጋደደ አትዘኚብኝ። ከጠዋት ጀምሬ ይኸው ማምሻዬ ነው፤ ብዕሩ ከእጄ እየወደቀ አስቸገረኝ። ብርዱ ይሆናል።

እናትሽ ራዶይካ